ሰኞ የታሰረው ጥቅል

በአንድነት የታሰረ ነገር ሁሉ ተንኮል አይደብቅም፤ ለየብቻ የቆመ ነገርም ሁሉ ንጹሕ አይደለም። የክፋት ማደሪያው ሌላ ነው፤ ማንም ገልጦ ባላነበበው ገጽ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። ይህ እውነት አዲስ አይደለም፤ ነገር ግን ሰው አሮጌውን እውነት በየዘመኑ እንደ አዲስ ይማረው ዘንድ ግድ ይሆንበታል፤ የትምህርቱም ዋጋ አንዳንድ ጊዜ የሰው ነፍስ ነው።

ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ መርማሪዋ በፖም መጋዘኑ ግቢ ከመኪና ስትወርድ፣ ሟቹ ገና ከወደቀበት አልተነሣም ነበር። መርማሪዋ ዕድሜዋ ከሃምሳ ያለፈ፣ ቁመቷ አጠር ያለ፣ ንግግሯም እንደ ቁመቷ ያጠረ ሴት ናት። የሥራ ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ የሰማችውን ሁሉ ነፍታ፣ እብቁን ለወሬኛ ትታ፣ ከሥር የወረደውን ብቻ ስለምትይዝ።

ክፍሉ ከአንድ መኝታ ቤት አይሰፋም። ግድግዳው ነጭ ቆርቆሮ ነው፤ ወፍራሙ በር መሐሉ ላይ እንደ ሳህን የከበበ መስኮት አለው፤ ከበሩ በላይ አንድ መብራትና አንድ ደወል ተሰቅለዋል። ፖም በሞሉ ሣጥኖች መካከል፣ ካፖርቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሽበታም ሰው በጎኑ ተጋድሟል። በቀኝ እጁ የሙቀት መለኪያ ጨብጧል፤ በግራ እጁ አጠገብ ትንሽ ደብተር ወድቋል። ቁስል የለበትም፤ የትግል ምልክትም አይታይም።

«ምን ገደለው?» ስትል ሐኪሙን ጠየቀችው።

«የአየር እጦት። ፖም ለወራት ሳይበላሽ የሚቆየው ኦክሲጅኑ በተቀነሰ አየር ውስጥ ነው። አሁን ንጹሕ አየር ገብቶበታል እንጂ ያኔ እዚህ ክብሪት ቢጫር አይነድም ነበር። ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ይተነፍሳል፣ ይወድቃል፤ መውደቁን እንኳ አያውቅም።»

መርማሪዋ ደብተሩን አነሣች። ገጾቹ በቀንና በሙቀት ቁጥሮች የተሞሉ ናቸው። በመጨረሻው ገጽ ላይ ግን ሌላ ነገር ተጽፏል፤ ከላይ ወደ ታች የተደረደሩ ዐሥር ስሞች። «ደወል»፣ «በር»፣ «ብርድ»፣ «ጸጥታ» እያለ ይወርዳል። ከዘጠኙ ጎን የእርማት ምልክት አለ። ዐሥረኛው ምልክት የለውም፤ እንዲህ ይላል፦ «ቆጣሪ — ሐሙስ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ። ነግሬዋለሁ።»

ደብተሩን በኪሷ ከተተችው።

ከመጋዘኑ በላይ ባለው ፎቅ የሟቹ የሥራ ቤት አለ። በዚያ ቤት «ጎተራ» የሚባል የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይሠራል። ፕሮግራሙ የመጋዘን ብርድን፣ አየርን፣ በርንና ደወልን ያዛል። ክፍት ሶፍትዌር ነው፤ ማንም በነጻ ይወስደዋል፣ ውስጡን ያነብባል፣ የተበላሸውን ያርማል። ሦስት መቶ መጋዘኖች ይተዳደሩበታል። የፈጠረው ሟቹ ነው፤ ታችኛውም ክፍል የመሞከሪያ ክፍሉ ነው። በየማለዳው ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከላይ ሆኖ ንጹሕ አየር እንዲገባ ኮምፒዩተሩን ያዛል፤ አንድ ሰዓት ሲሆን ይወርዳል፤ መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ ገብቶ ሙቀቱን በገዛ ዓይኑ ያነብባል። ሰው በሩ ጋ ቆሞ አየሩ ያልተስተካከለ እንደሆነ መብራቱ ቀይ ይሆናል፤ ደወሉም ይጮኻል። በዚያ ሐሙስ የአየሩን ትእዛዝ አንድ ሰው ሰርዞታል። ደወሉም አልጮኸም።

የፖሊስ የኮምፒዩተር ባለሙያ ረፋዱን ከፎቅ ሲወርድ ፊቱ ሥራውን የጨረሰ ሰው ፊት ነበር።

«ኮምፒዩተሩ ላይ ያለው ሰኞ የታሰረ ጥቅል ነው፤ ፊደል በፊደል ከሰኞው ጋር አመሳክሬዋለሁ። ውስጡ ‹ጸጥታ› የሚባል ተቀጽላ አለ። እርሱ ነቅቶ ደወሉን ዝም አሰኝቶታል።»

«ጥቅሉን ማን አሰረው?»

«የሟቹ የእህት ልጅ።»

ሥራ አስኪያጁ ወፍራም፣ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ የሚያወራ ሰው ነው። ወንበር እንኳ ሳይስብ ጀመረ።

«እመቤቴ፣ ይህ አደጋ ነው፤ አደጋ! በሞቴ፣ እንደዚያ ብለው ይጻፉት።»

«መጻፊያው ቀን ገና ነው። ተቀጽላ ምንድን ነው?»

«ጎተራ ዋናው ፕሮግራም ነው፤ ብቻውን ባዶ ቤት በሉት። ቤቱ ውስጥ የሚገባው ዕቃ ተቀጽላ ይባላል። አንዱ ደወል ይደውላል፣ አንዱ ሣጥን ይቆጥራል፣ አንዱ በር ይቆልፋል። ጋሼ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ‹ባለመጋዘኑ የሚያስፈልገውን ለየብቻ ይጫን፤ ሰው ቤቱ የሚገባውን እንግዳ ራሱ ይምረጥ› ይላል። ልጅቱ ደግሞ ‹ባለመጋዘን ፖም ነጋዴ እንጂ ኮምፒዩተር ጠጋኝ አይደለም፤ ሁሉን ጠቅልለን በአንድ ጊዜ እንስጠው› ትላለች። በዚህ ስንት ዓመት ተነታረኩ! እርሱን ‹አባ ለየብቻ› ነበር የምንለው። ሸሚዝ ሲገዛ እንኳ እያንዳንዱን ቁልፍ ለየብቻ ጎትቶ ነበር የሚፈትሸው።»

«እርስዎ ከማን ወገን ነበሩ?»

«እኔ? ከደንበኛው ወገን።»

«ደንበኛውስ ምን ይላል?»

«ደንበኛ ምን ይላል? ‹ይሥራልኝ› ነዋ የሚለው!»

«በሩ ጋ ሲደርሱ መብራቱ ምን ዓይነት ነበር?»

«ቀይ። ከእኔ ኋላ የደረሰችው ልጅቱም አይታዋለች። ጋሼ ቀና ብሎ አላየውም ማለት ነው። ደወል ዝም ካለ ማን ቀና ይላል?»

«ቁልፍ ለየብቻ የሚፈትሽ ሰው ቀና ይላል፤» አለችው። ሥራ አስኪያጁ መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ቀጥሎ የቀረበው የሟቹ ቀኝ እጅ ነው፤ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ አብዛኞቹን ተቀጽላዎች የሠራ ሰው። በሥራ ቤቱ ስሙ «ጠንቃቃው» ነው። በጠረጴዛው ላይ እርሳሶቹ በቁመት ተራ ተሰልፈዋል፤ ሲናገርም ቃላቱን እንደ እርሳሶቹ ያሰልፋል።

«‹ጸጥታ›ን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም። መለኪያ ሲጠገን ደወሉ በከንቱ እየጮኸ ሠራተኛ እንዳያደነቁር ነው። ለየብቻ ሲጫን ጉዳት የለውም፤ የጫነው ሰው መጫኑን ያውቃላ። በጥቅል ሲገባ ግን ማን ያየዋል? ሙሉ ሻንጣ ልብስ ቢሰጥዎት ኪሱን ሁሉ ይፈትሻሉ? እኔ ስንት ጊዜ ተናግሬአለሁ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«ሟቹ ጥቅሉን ፈቅደው ነበር?»

«ጋሼ? በፍጹም! ሰኞ አሰረችው፣ ማክሰኞ በኮምፒዩተሩ ላይ ጫነችው። ሽማግሌ ነው፣ ደክሞት ዝም ብሏት ይሆናል። መፍቀድ ግን፣ በፍጹም።»

«እርስዎ በዚህ ሳምንት ምን ሠሩ?»

«አንዲት ማረሚያ። ረቡዕ ቀትር ላይ ጨረስኳት፤ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ለሕዝብ አወጣኋት።»

መርማሪዋ ቀና አለች። «ዛሬ? ሰውየው ከሞቱ በኋላ?»

«ለባለመጋዘኖች ሐሙስ አራት ሰዓት ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። እኔ ቃሌን አላጥፍም።»

«ምን ታርማለች?»

«ትንሽ ነገር ናት። የመብራት ጉዳይ።»

«ከአራት ሰዓት በፊት በሌላ ሰው እጅ ልትገባ ትችል ነበር?»

ጠንቃቃው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ከእኔ እጅ ወጥታ? ያላለቀ ሥራ ለወለደችኝ እናቴም አላሳይ! ኮምፒዩተሬ ተቆልፎ ነው የሚያድረው፤ ቁልፉም እዚህ ነው፤» ብሎ ግንባሩን በጣቱ ነካ።

«ዛሬ ስንት ሰዓት ገቡ?»

«አንድ ሰዓት ከሩብ።»

መርማሪዋ አመስግናው ወጣች።

በግቢው ዳር፣ ከተዘረጋ ረጅም ጠረጴዛ ኋላ፣ ፖም መራጯ ተቀምጣለች፤ ሽርጧን ታጥቃ፣ ሻሿን ወደ ኋላ አስራ። ሬሳውን መጀመሪያ ያየችው እርሷ ናት።

«እማማ፣ ሁሉም መብራቱ ቀይ ነበር ይላሉ። እርስዎ ብቻ ‹አረንጓዴ› አሉ አሉኝ።»

«ሁሉም የመጡት ቀይ ሲሆን ነዋ! እኔ መቼ ካድኩ? ስሚኝ ልጄ። የምገባው አንድ ተኩል ላይ ነው፤ ዛሬ መኪና ስለሚጫን ቀደም ብዬ መጣሁ። ጋሼ አንድ ሰዓት ላይ ወረደ። ‹እማማ፣ ደህና አደርሽ?› አለኝ። ቀና ብሎ መብራቱን በጣቱ አሳየኝና ‹ፈቅዶልኛል› ብሎ ገባ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚለው። አረንጓዴ ነበር። ቀይ ቢሆን ካፖርቱን ይዤ እጎትተው ነበር እንጂ ዝም እለዋለሁ?»

«ከዚያስ?»

«ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየ። በመስኮቱ ባይ ወድቋል። ጮኼ በሩን ልከፍት ስል ያ ጠንቃቃው ከላይ ብቅ ብሎ ‹እንዳትነኪው! አየር እያስገባሁ ነው! ሥራ አስኪያጁን ጥሪ!› አለኝ። ግቢውን አቋርጬ ሮጥኩ። ስሄድ አረንጓዴ፣ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ስመለስ ቀይ።»

«ይህንን ለፖሊሱ ነገሩት?»

«ነገርኩት። ‹እማማ፣ መነጽር ያስፈልግሻል› አለኝ። ለእኔ!»

ይህን ስትናገር እጆቿ ሥራ አላቆሙም ነበር። መርማሪዋ ዓይኗን ወደ ጠረጴዛው አወረደች። ቀዩ ፖም ወደ ግራ፣ አረንጓዴው ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ መራጯ ግን አንዴም ዝቅ ብላ ሳታይ፣ በዓይኗ ጠርዝ ብቻ ትለያለች። መርማሪዋ የቀኙን ሣጥን ወደ ራሷ ስባ እስከ ታች ገለበጠችው። አንድ ቀይ ፖም አላገኘችም።

«ስንት ዓመት ሠሩ?»

«ሃያ ሁለት። በይ አሁን የገለበጥሽውን መልሺ።»

መርማሪዋ አንድ በአንድ መለሰችው።

የእህቱ ልጅ በፎቁ ላይ ባለች ጠባብ የስብሰባ ክፍል፣ በሴት ፖሊስ ጥበቃ ሥር ነበረች። ዓይኖቿ ቢያብጡም አታለቅስም። መርማሪዋ ሳትጠይቃት ቀድማ ጠየቀች።

«እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። አጎቴን የገደለው የእኔ ጥቅል ነው?»

መርማሪዋ በሥራ ዘመኗ ብዙ ተጠርጣሪ «አልገደልኩም» ሲል ሰምታለች። «ገድዬ ይሆን?» ብሎ የጠየቃት ግን ጥቂት ነው። ወንበሩን ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አላውቅም። ንገሪኝና አብረን እንወቅ።»

«‹ጸጥታ›ን አስተኝቼ ነው የጠቀለልኩት። ባለቤቱ ራሱ ካልቀሰቀሰው አይነቃም። ግን ተሳስቼ ከሆነስ? ስጠቀልል አንዱ አንዱን ነክቶ ቀስቅሶት ከሆነስ? ከጠዋት ጀምሮ እሱን ብቻ ነው የማስበው።»

«አጎትሽ ጥቅሉን ይጠላ ነበር ይላሉ።»

«ይጠላ ነበር። ከወር በፊት ግን ‹በቃ፣ አሸነፍሽኝ› አለኝ። ‹ግን በአንድ ነገር። ለየብቻ ሲሆን የሚጭነው ሰው ያነብበዋል ብዬ ነበር የማምነው፤ ለካ ማንም አያነብም። በጥቅል ሲሆን ስማችን ያለበት እኛ ነን፤ ስለዚህ የሚገባው ሁሉ ተፈትቶ፣ መስመር በመስመር ይነበባል፤ አንባቢውም እኔ ነኝ› አለ። የሰኞውን ጥቅል ያሰርኩት እሱ አንብቦ ካለፋቸው ዘጠኝ ብቻ ነው።»

«ይህን የሰማ ሌላ ሰው አለ?»

«የለም። ‹ሁሉ ሲያልቅ እነግራቸዋለሁ› ነበር ያለኝ።»

መርማሪዋ ደብተሩን ከኪሷ አውጥታ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠችላት። ልጅቱ የአጎቷን ጽሕፈት ስታይ ያን ጊዜ እንባዋ ወረደ።

«ዘጠኙ እነዚህ ናቸው። ዐሥረኛው ‹ቆጣሪ› ነው፤ በየመጋዘኑ ያለውን ሣጥን የሚቆጥር።»

«የማን ሥራ ነው?»

«የጠንቃቃው።»

«ነግሬዋለሁ፤» ብላ መርማሪዋ ለራሷ አነበበች፤ ደብተሩንም ዘጋች።

አመሻሹን አለቃዋ በስልክ ጠራት። «ወንፊት፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ኮምፒዩተሩ መስክሯል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዐቃቤ ሕግ ልጅቱን በቸልተኝነት ሰው በመግደል ይከሳታል።»

«ኮምፒዩተር የነገሩትን ነው የሚመሰክረው።»

«ምስክርሽ ያቺ አሮጊት ናት?»

«አዎን። ለአሮጊቷ ማንም ምን እንደምትል አልነገራትም።»

ዓርብን በሁለት ሥራ አሳለፈችው። መጀመሪያ የፖሊሱን ባለሙያ ጠርታ፣ ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ለሕዝብ ከወጣው ማረሚያ ጋር የተያያዘውን ማስታወሻ አስነበበችው። አጭር ነበር፤ አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ አስደገመችው። ከዚያ ‹ቆጣሪ›ን ፈትቶ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው እንዲያነብ አዘዘችው።

«ይህ ከጉዳዩ ጋር ምን ያገናኘዋል? ጥቅሉ ውስጥ እንኳ የለም!»

«ለዚያ ነው አንብበው ያልኩህ።»

ባለሙያው አፉን አሞጥሙጦ ተቀመጠ። ከቀትር በኋላ ሲነሣ ግን ፊቱ ተለውጦ ነበር።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም በመሞከሪያው ክፍል በር ፊት ለፊት ተሰበሰቡ፤ ሥራ አስኪያጁ መሐረቡን ጨብጦ፣ ጠንቃቃው እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ የእህቱ ልጅ ከጠባቂዋ ጋር፣ መራጯ ሽርጧን ሳትፈታ። አለቃዋም ሰዓቱን እያየ ከግድግዳው ተደግፎ ቆሟል። በሩ ተዘግቷል፤ ውስጡ ማንም የለም፤ አየሩም እንደዚያ ሐሙስ የቀጠነ ነው። መብራቱ ቀልቷል፤ ደወሉም ጆሮ እስኪያደነቁር ይጮኻል። የፖሊሱ ባለሙያ በትንሽ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒዩተር አስቀምጧል።

«የሰኞውን ጥቅል ጫን፤» አለች መርማሪዋ።

«ጭኛለሁ።»

«ማንም ሳይነካው ደወሉ ዝም አለ?»

ማንም መመለስ አላስፈለገውም፤ ደወሉ እየጮኸ ነበር።

«እንግዲህ ጥቅሉ ‹ጸጥታ›ን አልቀሰቀሰም። ሐሙስ ዕለት የሰው እጅ ነው የቀሰቀሰው። አሁን አንተ ቀስቅሰው።»

ባለሙያው አንድ ቁልፍ ተጫነ። ደወሉ ጸጥ አለ። መብራቱ ግን እንደ ቀላ ቀረ።

«ሁላችሁም ቀና በሉ። ደወሉ ዝም ብሏል፤ መብራቱ ቀይ ነው። የሰኞው ‹ጸጥታ› ደወሉን እንጂ መብራቱን ዝም አያሰኝም። ሟቹ ሳያረጋግጥ የማያልፍ ሰው ነበር፤ ቀይ መብራት አይቶ አይገባም። መራጯ ግን አረንጓዴ አይቶ ገባ ትላለች።»

«ይቅርታ፤» አለ ጠንቃቃው ረጋ ብሎ። «የሰው ሞት በአንዲት አሮጊት ዓይን ሊፈረድ ነው?»

«የአሮጊቷ ዓይን ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል፤ ያንተ ምላስ አንድ ቀን አልዋለም!» አለች መራጯ።

«እማማ፣ ቆይ ትንሽ፤» አለች መርማሪዋ። «አሁን ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ለሕዝብ የወጣውን ማረሚያ ጫንበት።»

ባለሙያው ጫነ። መብራቱ አንድ ጊዜ ጨለመ፤ ከዚያም አረንጓዴ ሆነ። ከበሩ ኋላ ያለው አየር ያው የሚገድለው አየር ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ማስታወሻው ‹ከእንግዲህ ‘ጸጥታ’ ሲነቃ መብራቱም አብሮ ያርፋል› ይላል፤» አለች መርማሪዋ። «ሐሙስ አንድ ሰዓት ላይ በዚህ በር ላይ አረንጓዴ መብራት ነበር። ስለዚህ በኮምፒዩተሩ ላይ የነበረው የሰኞው ‹ጸጥታ› አይደለም፤ ረቡዕ የተሠራው፣ ለብቻው የተጫነው ነው። ያ ማረሚያ ግን ለሕዝብ የወጣው አራት ሰዓት ላይ ነው። አንድ ሰዓት ላይ በማን እጅ ነበር?»

ሁሉም ወደ ጠንቃቃው ዞሩ።

«ልጅቱ ሰርቃኝ ይሆናል፤» አለ ጠንቃቃው።

«ኮምፒዩተርዎ ተቆልፎ ያድራል፤ ቁልፉም ግንባርዎ ውስጥ ነው ብለውኛል። ያላለቀ ሥራም ለእናትዎ አያሳዩም። ከአነጋገር ይፈረዳል፤ ያንን በር እርስዎ ራስዎ ቆልፈውታል።»

«እና ፖሊሱ ለምን የሰኞውን አገኘ?» ሲል አለቃዋ ከግድግዳው ተላቅቆ ጠየቀ።

«ሽማግሌው ከወደቁ በኋላ ይህ ሰው ስለ ቀየረው ነው። የረቡዑ ቢገኝበት ባለቤቱ አንድ ሰው ብቻ ነበርና። ማረሚያው ከተቆለፈው ኮምፒዩተሩ ወጥቶ አንድ ሰዓት ላይ እዚህ ከነበረ፣ ‹አንድ ሰዓት ከሩብ ገባሁ› ያለኝ ሐሰት ነው፤ ቀድሞ ገብቶ የአየሩንም ትእዛዝ የሰረዘው እርሱ ነው። እማማ ስትጮህ እርሱ ከላይ ነበር። ‹በሩን እንዳትነኪው› ብሎ አባረራት፤ የራሱን አወጣ፣ የሰኞውን መለሰ፣ ‹ጸጥታ›ን ቀሰቀሰ። ያን ጊዜ መብራቱ ቀላ። አየር ያስገባው ከዚያ በኋላ ነው። ስትሄድ አረንጓዴ፣ ስትመለስ ቀይ፤ እማማ አንዲት ቃል አልሳተችም።»

«ግን ለምን?» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ድምፁ ተሰባብሮ። «ከጋሼ ጋር አንድ ወገን ነበር! ‹ለየብቻ፣ ለየብቻ› እያለ ከሁላችን ይበልጥ የሚጮኸው እርሱ ነው!»

«ለዚያ ነዋ የጮኸው። ለየብቻ የሚጫነውን ማንም አያነብም፤ ሁሉም ሌላው አንብቦታል ብሎ ያልፋል። ባለሙያው ትናንት ‹ቆጣሪ›ን አንብቧል። ንገራቸው።»

ባለሙያው ጉሮሮውን ጠረገ። «‹ቆጣሪ› የእያንዳንዱን መጋዘን ሣጥን ይቆጥራል፤ ከዚያ ቁጥሩን በስውር ለአንድ ትልቅ ነጋዴ ይልካል። ማን ፖሙ ሊበላሽበት እንደ ደረሰ፣ ማን በዋጋ መደራደር እንደማይችል ነጋዴው ቀድሞ ያውቃል። ሰባት ዓመት ሙሉ። ፕሮግራሙ ክፍት ነው፤ ለዓለም ሁሉ ተገልጦ የተቀመጠ ነው። ያነበበው ግን የለም።»

«አንድ ሰው ሊያነብበው ነበር፤» አለች መርማሪዋ ደብተሩን ገልጣ። «‹ቆጣሪ — ሐሙስ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ። ነግሬዋለሁ።› ቆጣሪን ለሠራው ሰው ካልሆነ ለማን ይነግራል? ጋሼ ጥቅሉን እንደ ፈቀዱ፣ ንባቡም እርስዎ ዘንድ እንደ ደረሰ ያውቁ ነበር፤ ለእኔ ግን ‹በፍጹም› አሉኝ። ስለዚህ ሦስት ሰዓት ሳይደርስ አንባቢው መሞት ነበረበት፤ የገደለውም ጥቅሉ መምሰል ነበረበት። ሰውን የገደለ ጥቅል ከእንግዲህ ማንም አያስርም፤ ካልታሰረም ማንም አያነብም። በአንድ ድንጋይ አጎትና የእህት ልጅ።»

ጠንቃቃው መብራቱን እያየ ቆሞ ነበር። «ያቺ ማረሚያ፤» አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «ባላወጣት ኖሮ…»

«ማንም አያውቅም ነበር። እርስዎ ግን ለባለመጋዘኖች ቃል ሰጥተው ነበር። አንድ ሰዓት ላይ ጌታዎን ገደሉ፤ አራት ሰዓት ላይ ቀጠሮዎን አከበሩ።»

«ሥራው ንጹሕ ነበር፤» አለ ጠንቃቃው። «እንከን የለውም። እዩት፣ እንዴት ደህና አድርጎ እንደሚሠራ።» ሌላ የእምነት ቃል አላስፈለገም፤ አለቃዋ ራሱ እጁን ያዘው።

ሲወስዱት የእህቱ ልጅ ከጠረጴዛው አጠገብ አልተነቃነቀችም። «እትዬ፣ እኔ አይደለሁም ማለት ነው?» አለች።

«አንቺ አይደለሽም። ጥቅልሽም አይደለም።»

ልጅቱ እጇን ዘርግታ በኮምፒዩተሩ ላይ አንድ ቁልፍ ተጫነች፤ ‹ጸጥታ›ን መልሳ አስተኛችው፤ አረንጓዴው መብራት ቀላ፣ ደወሉም እንደገና ጮኸ። እስኪበቃት ድረስ እንዲጮኽ ተወችው።

ከሁለት ወር በኋላ ጥቅሉ ለሦስት መቶው መጋዘን ተላከ። ውስጡ ዘጠኝ ተቀጽላዎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ራስጌ ያነበበው ሰውና ያነበበበት ቀን ተጽፏል። የመብራቱ ማረሚያ ተሰርዟል። ለየብቻ መጫን የሚሻም እንደ ድሮው ለየብቻ ይጭናል፤ ንባቡ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ነጋዴው በስውር የተላከለትን በመቀበሉ አምስት ዓመት ታሰረ። ጠንቃቃው አስቦና ተዘጋጅቶ ሰው በመግደል ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ይግባኝ አለ፤ ይግባኙ ውድቅ ሆነ። በወህኒ ቤቱ ኮምፒዩተር መንካት ተከልክሎ፣ ዕለት ዕለት ልብስ ያጥባል።